አሳ በአልፋው አ

አቶ ዲበኩሉ ደብዳቤያቸው ውስጥ የሰው እጅ እንደገባ ያወቁት በአንዲት «አ» ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ፊታቸውን ታጥበው ፎጣውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ፣ ሐሙስ ማታ የጻፉትን ረቂቅ ሊያርሙ ታብሌታቸውን ከፍተው ተቀመጡ። ረቂቁ የለም። ፈልገው ፈልገው ያገኙት «የተላኩ» ከሚለው ሥር ነው። እሳቸው ደግሞ ደብዳቤን ሳያሳድሩና ደጋግመው ሳያርሙ ልከው አያውቁም። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ጀምረው አነበቡት። «ይድረስ ለክብርት ወይዘሮ አሰለፈች፤ ባሉበት የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ» የሚለው የእሳቸው ነው። ስለ አዳማ ሙቀት የሚያትተው አንቀጽ የእሳቸው ነው። የጡረተኞች ማኅበር ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ መበተኑን የሚተርከው ረጅም አንቀጽም፣ ማን ይሻማቸዋል፣ የእሳቸው ነው። ከፊርማቸው በላይ ግን አንድ የማያውቁት መስመር ተቀምጧል፦ «አሰለፈች፣ የባቱን አሳ ብዬ አይደለም፤ አንቺን ብዬ ልመጣ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን የሚደነግጠው «አንቺ» በሚለው ነበር። አቶ ዲበኩሉ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ አማርኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸውና መጀመሪያ ክው ያሉት «አሳ» ላይ ነው። ዓሣ በዐይኑ ዓ፣ በንጉሡ ሣ ነው የሚጻፈው፤ ይህን ያልለየ ተማሪ ከእሳቸው ክፍል አልፎ አያውቅም። ደግሞም ደብዳቤው የሄደው ወደ ማንም አይደለም። ወይዘሮ አሰለፈች ባቱ ውስጥ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነው የኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። የተዋወቁት አቦምሳ፣ አንድ የድሮ ባልደረባቸው ልጁን ሲድር ነው። ከሙሽሮቹ ጀርባ በተሰቀለው ጨርቅ ላይ «መልካም የሰርግ ቀን» የሚል በእሳቱ ሰ ተጽፎ ኖሮ፣ አቶ ዲበኩሉ ምግቡ አልወርድ ብሏቸው ሲቸገሩ፣ ከጎናቸው የተቀመጡት የማያውቋቸው ሴትዮ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው «ገና በመጀመሪያው ፊደል ተሳሳቱ፤ የቀረውን እንግዲህ እግዜር ይሁናቸው» አሏቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ ስቀው አያውቁም። ያን ቀን ተያዙ። በአንዲት ሰ የተጀመረን ፍቅር አንዲት አ ምን ልታደርገው እንደምትችል ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ሴትዮዋ ያንን መስመር ሲያዩ ወይ ሰውዬው ጃጅቷል ይላሉ፣ ወይ ደብዳቤዬን ለሰፈር ያስነብባል ይላሉ። አቶ ዲበኩሉ የትኛው እንደሚብስ ሲያስቡ ፎጣው ከትከሻቸው ወደቀ።

ስልክማ ነበራቸው። ግን የእሳቸው ቤት ስልክ የሚወራበት ቤት አይደለም። ልጃቸው ይትባረክ ሲያገባ ሳሎኑ በቺፕውድ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ የእሳቸው መኝታና «ቢሮ» ሆነ፤ ከቺፕውዱ ማዶ ደግሞ ታላቅ እህታቸው እትዬ ዘውድነሽ ይተኛሉ። አንዱ ሲያነጥስ ሌላው ይማርህ የሚልበት ግድግዳ ነው። የልብ ጉዳይ በጽሑፍ ነው የሚያምረው ብለው ኢሜይል ሊከፍቱ የሄዱት የድሮ ተማሪያቸው ቀነዓ ዘንድ ነበር፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ማመልከቻ የሚተይብ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያነሳ፣ የተበላሸ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነው። ቀነዓ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸውን ትልልቆቹን ሲያሳያቸው አልፈልግም አሉ፤ ብዙ ሰው የሚገባበት ግቢ ሌባም አያጣውም። አማርጠው አማርጠው «እርግብ» የምትባል፣ ስሟን እንኳ ማንም ሰምቶ የማያውቅ፣ ትንሽ የነጻ ኢሜይል ላይ ወደቁ። ደግሞ እንዲሁ አልተቀበሏትም። «ነጻ ከሆናችሁ የምትበሉት ከየት ነው?» የሚል ጥያቄ አጻፉ። ውጭ አገር ያሉት ባለቤቶቿ በማግስቱ መለሱ፦ ሁለት ሰዎች ነን፤ ሰፊ ሣጥን የፈለገ ይከፍላል፣ ሌላው በነጻ ይገለገላል፤ ደብዳቤ አናነብም፤ የምንዘጋ ከሆነ ደግሞ አስቀድመን እንናገራለን። አቶ ዲበኩሉን የማረካቸው ይሄ የመጨረሻው ነው። ልዘጋ እችላለሁ ብሎ የሚናገር ሱቅ አይተው አያውቁማ!

ቀነዓ አንገቱን ነቀነቀ። «ቲቸር፣ ሐቀኛ መሆን ሌላ፣ ጠንካራ መሆን ሌላ ነው። ሁለተኛ ቁልፍ እንጨምርበት። በገቡ ቁጥር ስልክዎ ላይ ቁጥር ይላክልዎታል፣ እሱን ካላስገቡ አይከፈትም።»

«ስልኬን ለማላውቀው ፈረንጅ?» አሉና ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ። የእሳቸው ቁልፍ ከዚያ ይበልጣል። እርግብ የይለፍ ቃል በራሳችን ፊደል ትቀበላለች፤ እሳቸው ደግሞ የመረጡት ቃል አንድም ሞክሼ ፊደል ያልቀረበት ነው። ሌባ ቃሉን በጆሮው ቢሰማው እንኳ በየትኛው ሠ፣ በየትኛው ፀ እንደሚጻፍ በየት ያውቀዋል? የዘንድሮ ሰው! ይህን ባሰቡ ቁጥር በሆዳቸው ይስቁ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ሲስቁ ከርመው ይኸው ዛሬ ሳቃቸው ጉሮሯቸው ላይ ቀረ።

ለቁርስ ሲቀመጡ ቤተሰቡን አንድ በአንድ አዩት። ይትባረክ ኢንሹራንስ ውስጥ ይሠራል፤ ቅዳሜም ግማሽ ቀን ስላለው ዳቦውን ቆሞ ነው የሚጎርሰው። ሚስቱ ሚልካ የግል ክሊኒክ ነርስ ናት፤ ከጴንጤ ቤት የመጣች ስለሆነች በዚህ ማዕድ ላይ ሁለት ጸሎት ይደረጋል፦ እትዬ ዘውድነሽ አቡነ ዘበሰማያቱን ደግመው አማተቡ፣ ሚልካ ዓይኗን ጨፍና አመሰገነች፣ አቶ ዲበኩሉ በሁለቱም መሐል ሻያቸውን እያዩ ጠበቁ። በዚህ ቤት ስለ ዘይት መወደድ፣ ስለ ውሃ መጥፋት፣ ትናንት ሠላሳ ብር የነበረው ፓፓያ ዛሬ ስንት እንደገባ ይወራል፤ ስለ ሌላ ሌላው አይወራም። ሚልካ ያለ ምክንያት ሳለች። ይትባረክ ስልኩን አየ። እትዬ ዘውድነሽ ሻይ እየቀዱ ወንድማቸውን ቀና ብለው አዩና «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሃል? የዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ የቀረበት ሰው መሰልክ» አሉ። አቶ ዲበኩሉ ሻዩ ትን አላቸው። ቢሆንም የሥጋ ዘመዱን ከሚጠረጥር ሩቅ ያለን ፈረንጅ መጠርጠር ለማንም ይቀላል፤ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ታብሌቱን በፌስታል ጠቅልለው፣ ባጃጅ ይዘው ወደ ቀነዓ ከነፉ።

«አካም ቡልተን፣ ቲቸር?»

«ምን ሰላም አለ! እርግብህ ደብዳቤዬን በላችው።»

ቀነዓ ነገሩን ሰማና፣ እርግብ ማን ከየትኛው ዕቃ እንደገባ የምታሳይበት ገጽ እንዳላት ነግሯቸው እንዲገቡ ጋበዛቸው። ሱቁ ጠባብ ነው። ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁ አንዲት ሴትዮ በር ላይ ተቀምጠዋል፣ አንድ ሌላ ሰው ማመልከቻ ያስተይባል። አቶ ዲበኩሉ ግራ ቀኝ ገልመጥ አሉ። ታብሌቱን ወደ ደረታቸው አስጠጉ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው በላዩ ጋረዱበት፣ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ በዚህ ጥንቃቄ ባንክም አይከፈትም። ከዚያ እንደ ልማዳቸው መጻፍ ጀመሩ፦ «ንጉሡ ሠ፤ ዐይኑ ዓ፣ ራብዕ፤ ሊ፤ ው፤ ፀሐዩ ፀ፤ ሐመሩ ሐ...» ሰውዬው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ለአርባ ተማሪ እየተናገሩ ነውና የኖሩት፣ ድምፃቸው ያለ እሳቸው ፈቃድ ነው የሚወጣው። ማመልከቻ የሚያስተይበው ሰው ቀና አለ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቀነዓ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ገጹ ሲከፈት ሰባት ወር ሙሉ የገባው ያው አንድ ታብሌት ብቻ ነው። ደብዳቤው የተላከው ደግሞ ትናንት ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አቶ ዲበኩሉ ታብሌቱን ትራሳቸው ሥር ትተው ማኅበር በሄዱበት ሰዓት ነው።

«እርግብ ምንም አላጠፋችም፣ ቲቸር» አለ ቀነዓ። «ሌባው እቤትዎ ነው ያለው። ደግሞ አይቆጡኝ እንጂ... በሩን የሚከፍቱለት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? ለልጄ እንኳ ነግሬ የማላውቀውን?» ብለው ተቆጡ። ቀነዓ ሊያስረዳ አፉን ከፍቶ ተወው፤ ያስተማረን ሰው ማረም ከባድ ነው። ሴትዮዋ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ በእግራቸው ነው፤ ማሰብ ነበረባቸው። ያዳማ የቀትር ፀሐይ አናታቸውን ሲበሳው አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ሌባውን በእጁ ጽሑፍ ሳይሆን በፊደሉ ይይዙታል። ምሳ በልተው ሲያበቁ፣ ይትባረክ ጥርሱን እየጎረጎረ ሳለ፣ ሦስት ወረቀትና ሦስት እስክሪብቶ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። «የቃል ጽሕፈት ነው» አሉ።

«ምን?» አለ ይትባረክ።

«ጻፍ! አንቺም። እትዬ፣ እርስዎም ይጻፉ።»

ቀልድ መስሏቸው ነበር፤ ፊታቸውን ሲያዩ ግን ጎንበስ አሉ። አቶ ዲበኩሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሳሎኑ ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ ከማን ወረቀት ላይ ማን እንደሚያይ እየተቆጣጠሩ፣ ረጋ ባለ ድምፅ አነበቡ፦ «ዓሣ አጥማጁ ከሐይቁ ያወጣውን ዓሣ ለሠርጉ አመጣ። አራት ነጥብ።» ድምፃቸው ደስ ብሎት ነበር፤ ለምን እንደሚያጽፏቸውም ተረስቷቸው ነበር። ወረቀቶቹን ሰብስበው ቀዩን እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው አወጡ። የይትባረክን አዩ፦ «አሳ»። የሚልካን አዩ፦ «አሳ»። የእትዬ ዘውድነሽን አዩ፤ እሱም «አሳ»።

«ሦስታችሁም!» አሉ በተሰበረ ድምፅ። የደብዳቤው ነገር ለጊዜው ጠፍቷቸው ነበር። «ሦስታችሁም! በእኔ ቤት!»

«አባዬ፣ እኔ እኮ የተማርኩት በቁቤ ነው» አለች ሚልካ። «እዚያ ላይ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም።»

«እኔ ሪፖርቴን በእንግሊዝኛ ነው የምጽፈው» አለ ይትባረክ። ቀጥሎም፣ ምላሱ ስላዳለጠው፣ «ደግሞ ደብዳቤውን አነበብኩ እንጂ አልነካሁትም» አለ።

ሚልካ ባሏን በክርኗ ጎሸመችው። ዘግይታለች። ሲጠየቁ ወጣ፦ ይትባረክ አባቱ ቤቱን ለሴት ሊያወርሱ ይሆን ወይ ብሎ አንብቧል፤ ሚልካ ስለምትወዳቸው አንብባለች፤ እሷ እንደውም የጡረተኞች ማኅበሩ ጋ ስትደርስ እንቅልፍ ይዟት እንደሚሄድ በግልጽ ተናገረች። መስመሩን ግን አልጻፍንም ብለው ሁለቱም ማሉ፤ አንደኛው በማርያም፣ አንደኛዋ በኢየሱስ። የቀረው አንድ ሰው ነው። እትዬ ዘውድነሽ የጠረጴዛውን ፍርፋሪ በመዳፋቸው እየሰበሰቡ «እኔ ነኝ» አሉ።

እዚህ ላይ አቶ ዲበኩሉ መናገር የሌለባቸውን ተናገሩ። እትዬ ዘውድነሽ ባላቸው ጥሏቸው ከሄደ ጀምሮ የሚኖሩት በዚህ ቤት ነው፤ ከቺፕውዱ ማዶ ካለችው አልጋ በቀር የሚሄዱበት የላቸውም። ሙሽራ ከመጣች ያቺ አልጋ የት እንደምትገባ ማንም አፍ አውጥቶ ተናግሮ አያውቅም፤ ሁሉም ግን ያስበው ነበር። «ገባኝ» አሉ አቶ ዲበኩሉ። «አልጋዎን ፈርተው ነው። እንድትስቅብኝ፣ እንድትንቀኝ፣ ነገሩ እንዲቀር ብለው ነው።»

ሚልካ አቀረቀረች። ይትባረክ ስልኩን እንኳ አላየም። እትዬ ዘውድነሽ ፍርፋሪውን ሳህን ላይ አራግፈው ቀና አሉ። ዓይናቸው ሞልቷል፤ አፋቸው ግን አልተንቀጠቀጠም።

«አልጋዬን ፈርቼ ቢሆን ኖሮ ዝም እልህ ነበር፣ ዲቤ። ያው አንተ በገዛ አጻጻፍህ ትጨርሰው ነበር። ሰባት ወር ሙሉ በር ላይ ቆመህ 'ይድረስ ለክብርት' ትላለህ፤ አትገባ፣ አትሄድ። ሴትዮዋ ስንት ዓመት የምትኖር መሰለህ? አንተስ?»

«እሺ፣ 'አሳ'ስ? እኔ ነኝ ፊደል ያስቆጠርኩዎት!» አሉ፤ የሚይዙት አጥተው የያዙት ያችን ቃል ነው።

«አንተ ነህ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ሌሎቹን ፊደሎችስ ብዬ ብጠይቅህ ምን አልከኝ? 'ለእርስዎ አንዱ ሰ ይበቃል፣ እትዬ፤ ሌላው ለሚማር ሰው ነው።' አንዱን ይዤ ኖርኩ። ንጉሡን ሠ፣ ዐይኑን ዓ፣ ፀሐዩን ፀ የተማርኩት በዚህ በቺፕውድ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አንተ ስትገባ ጮክ ብለህ ስትቆጥር። ሠዓሊው ፀሐይን ሣለ። በእርጅናዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ዓሣ እዚያ ውስጥ የለማ! እንዴት ልወቀው?»

አቶ ዲበኩሉ የሱቁን ሴትዮ ነጠላ፣ የቀነዓን ጣሪያ ጣሪያ ማየት፣ «በሩን የሚከፍቱለት እርስዎ ነዎት» ማለቱን አንድ በአንድ አስታወሱ፤ ጆሯቸው ጋለ። ሰባት ወር ሙሉ ቁልፉን ለመንደሩ ሲያድሉ ኖረዋል። ከዚህ በላይ ያቃጠላቸው ግን ያቺ «ይበቃል» ነች። ብለውት ይሆናል፤ አላስታወሱትም፤ መምህር የማያስታውሰውን ተማሪ አይረሳም። ይቅርታ ሊሉ ቀና ሲሉ ከቺፕውዱ ማዶ ታብሌቱ «ኩ» አለ። እርግብ ደብዳቤ ሲመጣ የምታሰማው ድምፅ ነው። አራቱም ሰሙት፤ ማንም አልተነሳም። ከዚያ አቶ ዲበኩሉ ተነሥተው ወደ ቢሯቸው ገቡና መጋረጃውን ዘጉ።

ታብሌቱን ከፈቱ። ዛሬስ አፌን አልከፍትም ብለው ከንፈራቸውን ነክሰው ጻፉ። ልክ አይደለም፣ አለች እርግብ። እንደገና ጻፉ፤ ልክ አይደለም፤ አንድ ዕድል ብቻ ቀርቷል፣ ከተሳሳቱ እስከ ነገ ይዘጋል። ሞክሼውን ሁሉ በዚያ አፍ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው፣ እጃቸው ያለ አፋቸው ፊደል እንደማያውቅ ያወቁት ገና አሁን ነው። ጣታቸውን በሰሌዳው ላይ አንጠልጥለው ሲያመነቱ ከማዶ፣ ከአልጋው በኩል፣ ረጋ ያለ ድምፅ ተሰማ።

«ንጉሡ ሠ» አለ ድምፁ።

አቶ ዲበኩሉ ጻፉ።

«ዐይኑ ዓ፣ ራብዕ። ሊ። ው። ፀሐዩ ፀ። ሐመሩ ሐ። ይ። ን። ንጉሡ ሣ፣ ራብዕ። ለ።»

ተከፈተ። የወይዘሮ አሰለፈች ደብዳቤ ከዚህ በፊት ከጻፉት ሁሉ አጭር ነው። «አቶ ዲበኩሉ፣ ሰባት ወር ሙሉ እንደ መሥሪያ ቤት ሰርኩላር ስትጽፍልኝ፣ ይሄ ሰው ምን እንደሚፈልግ መቼ ነው የሚነግረኝ እያልኩ ቆይቻለሁ። የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ያንተ እንዳልሆነች 'አሳ' ከሚለው አውቄአለሁ፤ አንተ ብትሞት አትጽፈውም። የጻፈችው በደብዳቤዎችህ የምታነሳት እህትህ ሳትሆን እንደማትቀርም ገምቻለሁ። እሷ ያለችው እውነት ከሆነ እሑድ ና። እሷንም ይዘሃት ና፤ ቤቴ ሁለት መኝታ ትርፍ አለው፣ እኔም የማወራው ሰው የለኝም። አሰለፈች።»

አቶ ዲበኩሉ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ የተጨናበሰው መነጽሩ አልነበረም። ከማዶ አልጋው ሲንቋቋ ሰሙ፤ እትዬ ዘውድነሽ ጆሯቸውን ለጥፈው እንደሚጠብቁ በልባቸው አዩ። አንብበው ሊያሰሟቸው ፈለጉ፤ ከዚያ ግን መልሱን ራሱን ማሰማት እንደሚሻል ታያቸው። ስለዚህ የሚያውቁትን ሥራ ሠሩ። መልሱን መጻፍ ጀመሩ፤ ሳያሳድሩ፣ ረቂቅ ሳያደርጉ፣ ደግሞም ይትባረክና ሚልካ ሳሎን ሆነው እንዲሰሙ፣ ጎረቤትም ከፈለገ እንዲሰማ፣ እንደ ድሮው ክፍል ጮክ ብለው፦

«አሰለፈች፤ እሑድ እንመጣለን። ሁለት ነን። አ... ሳ...» ትንሽ ቆሙ። ከማዶ ያለው ትንፋሽም ቆመ። «አሳ ጠብሰሽ ጠብቂን» አሉና ጻፉት፤ «አሳ። አልፋው አ። እሳቱ ሳ።»